ከአንድ ቅጠል ጥቅልል የወጡ ሁለት ዓይነት ትሪፕሶች፦ እንደ አዲስ ዝርያ ልገልጻቸው እችላለሁ?

ቅጠል ፈቺ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁም። ቅጠላቸው በነፍሳት ምክንያት የሚጠቀለል ተክሎችን መመርመር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ወቅት ከአንድ ዛፍ ላይ የቆረጥኳቸውን ጥቅልል ቅጠሎች በመርፌ ስፈታ፣ ርዝመታቸው ሁለት ሚሊሜትር የማይሞላ ጥቋቁር ትሪፕሶች (ባለዘርፍ ክንፍ ደቃቅ ነፍሳት) አገኘሁ። የሆዳቸው የመጨረሻ ክፍል እንደ ቱቦ የሾለ፣ የፊት ክንፋቸውም ደም ሥር አልባ በመሆኑ ፍሌዮትሪፒዴ ከተባለው አስተኔ መሆናቸውን አልተጠራጠርኩም፤ ወገናቸውንም (ከአስተኔ በታች፣ ከዝርያ በላይ ያለውን ምድብ) በመለያ ቁልፍ፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ በሚለይ የጥያቄዎች ዝርዝር፣ ለይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቁልፉ ወደየትም አልወሰደኝም። በወገኑ ውስጥ ከተመዘገቡት ዝርያዎች አንዱ በጣም ይቀርባቸዋል፤ ሆኖም በፊተኛው የደረት ክፍል የኋላ ማዕዘን ላይ ያለው ጥንድ ፀጉር በእኔ ናሙናዎች ላይ በጽሑፍ ከሰፈረው እጅግ ያጠረ ነው።

ይበልጥ ያስገረመኝ ናሙናዎቹ በሁለት የሚከፈሉ መሆናቸው ነው። በእጄ ካሉት 11 ትሪፕሶች አራቱ የፊት እግራቸው ጭን የወፈረ ሲሆን በእግራቸው ጫፍ ላይ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ጥርስ አላቸው፤ ሰባቱ ግን እግረ ቀጫጭን ናቸው፣ ጥርስም የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁለት አዳዲስ ዝርያዎችን በአንድ ጽሑፍ ለመግለጽ አስቤ ረቂቁን ጀምሬያለሁ። 11 ናሙና ይበቃል? ጽሑፉ በገምጋሚዎች ዘንድ ውድቅ እንዳይሆን፣ ከታተመም በኋላ ስሙ እንዲጸና ምን ማሟላት ይኖርበታል? የዛፉንና የቦታውን ስም ሥራው እስኪታተም ድረስ ባልጠቅስ ቅር እንደማትሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ግራ መንጋጋ

እንኳን ደስ አለዎት ከማለቴ በፊት አንድ ነገር እንድጠይቅ ይፍቀዱልኝ፦ እግረ ወፍራሞቹ አራቱ ጾታቸው ምንድን ነው? በዚህ አስተኔ ውስጥ ያለችው ሴት እንቁላሏን የምትጥለው በቅጠሉ ገጽ ላይ ስለሆነ፣ እንደ ሌሎቹ ትሪፕሶች ቅጠል የምትሰነጥቅበት መጋዝ መሰል መሣሪያ የላትም፤ ስለዚህ እርሱን ፈልገው ሲያጡት ወንድ ነው ብለው እንዳይደመድሙ። ዘጠነኛውን የሆድ ክፍል በደንብ ይመልከቱት። በውስጡ ጠቆር ያለች አጭር ዘንግ ከታየችዎ ናሙናዋ ሴት ናት።

ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙዎቹ የፍሌዮትሪፒዴ ዝርያዎች ዘንድ ከአንድ እናት የተወለዱ ወንዶች በአካል መጠን እጅግ ይለያያሉ። ትልቁ ወንድ ጭኑ ያብጣል፣ የእግሩ ጥርስ ይጠነክራል፣ የፊተኛው የደረት ክፍሉም ይሰፋል፤ ትንሹ ወንድ ግን ሴት እስኪመስል ድረስ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ጫፎች ብቻ አይቶ መካከለኞቹን ያላየ ሰው ሁለት ዝርያ ቢላቸው አይፈረድበትም፤ በቀደመው ዘመን ጥቂት ናሙና ይዘው የጻፉ ሊቃውንት አንዳንዴ ከዚያም አልፈው በሁለት ወገን ከፍለዋቸዋል፤ ተከታዮቻቸውም ስሞቹን አንድ በአንድ ሲሰርዙ ኖረዋል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ጥቅልሉ ነው። ከጥቅልሉ ውስጥ የተገኘ ሁሉ ጥቅልሉን የሠራ አይደለም። በፊከስ ዛፍ ቅጠል ጥቅልል ውስጥ ለምሳሌ ጥቅልሉን ከሚሠራው ጋይናይኮትሪፕስ ጋር አንድሮትሪፕስ የተባለው አዳኝ አብሮ ይገኛል፤ እርሱም የፊት ጭኑ ወፍራም ነው፤ በጭኑ ላይም ጥርስ አለው። ጥርሱ ያለው በጭኑ ላይ ነው ወይስ በእግሩ ጫፍ ላይ የሚለው ጥያቄ ስለዚህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ተማሪዋ

ከርዕሱ ትንሽ ብወጣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ «ግራ መንጋጋ» የሚለው ስም ከየት የመጣ ነው?

ግራ መንጋጋ

ትሪፕስ ሁሉ ያለው አንድ መንጋጋ ብቻ ነው፤ እርሱም የግራው ነው። የቀኙ ገና በእንቁላል ውስጥ ሳለ ይጠፋል። በግራው መንጋጋ የቅጠሉን ወይም የአበባውን ሕዋስ ይበሳና በቀሩት የአፉ መርፌዎች ፈሳሹን ይመጥጣል። በነፍሳት ዓለም እንዲህ ያለ ጎደሎነት ከስንት አንድ የሚገኝ በመሆኑ ደስ ስለሚለኝ ስሙን ወሰድኩት።

ቅጠል ፈቺ

ለግራ መንጋጋ፦ እንዳሉኝ አየሁ፤ አልተኛሁምም። አራቱ እግረ ወፍራሞች በሙሉ ወንዶች ናቸው። ከሰባቱ እግረ ቀጫጭኖች አምስቱ ዘንጓ አለቻቸው፤ ሁለቱ ግን የላቸውም። ስለዚህ ቀጭን እግር ያላቸው ሁለት ወንዶች አሉኝ፤ የሁለቱ ዝርያ ሐሳቤ ሙሉ በሙሉ የቆመው እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ትንንሽ ፍጡራን ላይ ነው ማለት ነው። ጥርሱ በእግሩ ጫፍ እንጂ በጭኑ ላይ አይደለም። በቀጫጭኖቹ ወንዶች ላይም አንዳንዴ የሚታየኝ፣ አንዳንዴ የማይታየኝ ጥቁር ነጥብ አለ፤ ጥርስ ይሁን ጥላ መለየት አልቻልኩም።

ስላይድ ሠሪ

«አንዳንዴ የሚታየኝ፣ አንዳንዴ የማይታየኝ» የሚለው አነጋገር የዝርያ ችግር ሳይሆን የስላይድ ችግር ምልክት ነው። ናሙናዎቹን በምን አስቀመጧቸው?

ቅጠል ፈቺ

በሆየር ፈሳሽ ነው። በፍጥነት ስለሚያጠራ መረጥኩት። ሦስት ሦስቱን በአንድ ስላይድ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ።

ስላይድ ሠሪ

እንግዲህ ከባዱን ነገር ልንገርዎ። የሆየር ፈሳሽ ከግራር ሙጫና ከክሎራል ሃይድሬት የሚሠራ ሲሆን ለፈጣን ምርመራ እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዘላቂ አይደለም። ዓመታት ሲያልፉ እየደረቀ ክሪስታል ይሠራል፤ ያን ጊዜ ናሙናው ከተሰበረ መስተዋት በስተኋላ እንዳለ ሰው ይሆናል። ስሙ የሚንጠለጠልበትን ናሙና፣ ማለትም ሆሎታይፑን፣ በዚህ ማስቀመጥ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ ጉድጓድ እንደ መቆፈር ነው። ደግነቱ ሆየር በውኃ ስለሚሟሟ ናሙናዎቹን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ በትዕግሥት አውጥተው እንደገና መሥራት ይችላሉ።

እኔ የምከተለው መንገድ ቀርፋፋ ነው። በመጀመሪያ ትሪፕሱን በቀጭን የኮስቲክ ሶዳ ውሁድ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ይህም የሆድ ዕቃውን ያሟሟና ዛጎሉን ብቻ ያስቀራል። ከዚያ በቀጭን መርፌ ሆዱን ቀስ ብዬ በመጫን የሟሟው ሁሉ እንዲወጣ አደርጋለሁ፤ ይህን ያልተደረገለት ናሙና ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ስለሚቀር የሆዱ ፀጉሮች አይቆጠሩም። በውኃ ከታጠበ በኋላ ጥንካሬው ደረጃ በደረጃ በሚጨምር አልኮል አሳልፌ ውኃውን አስወጣለሁ፣ በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ አቆየዋለሁ፣ በመጨረሻም በካናዳ በለሳን ጠብታ ውስጥ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛዋለሁ። እግሮቹ፣ አንቴናዎቹና ክንፎቹ ተዘርግተው መታየት አለባቸው። የትሪፕስ ክንፍ ጠርዙ እንደ ጥለት ዘርፍ በፀጉር የታጀበ ስለሆነ (የክፍለ መደቡ ስም ቲሳኖፕቴራም በግሪክኛ «ባለዘርፍ ክንፍ» ማለት ነው) አንዴ በለሳን ውስጥ ከተጣበቀ እርሱን መዘርጋት የሰዓታት ሥራ ይሆናል። አንድ ስላይድ ላይ አንድ ነፍሳ ብቻ ይቀመጣል። ስላይዱ ለብ ባለ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ ጥድፊያ እዚህ ላይ አይጠቅምም።

የእግር ጥርስን በተመለከተ፦ እግሩ ትንሽ እንኳ ዞሮ ከተኛ ጥርሱ ከእግሩ በታች ተደብቆ ይጠፋል። እንደገና ሠርተው በፌዝ ኮንትራስት ማይክሮስኮፕ ይዩት።

ሣጥን ጠባቂ

በአንድ ሙዚየም የነፍሳት ስብስብ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ ከሌላ በኩል ልጨምር። ጠያቂው «በጣም የሚቀርበው ዝርያ» ያሉትን ያወቁት ከምንድን ነው? ከታተመ ጽሑፍ ከሆነ፣ የቀድሞ ገለጻዎች ብዙ ጊዜ ሁለት አንቀጽ ብቻ ናቸው፤ ያኔ ከነበሩት ዝርያዎች ለመለየት በቂ የነበረው አረፍተ ነገር ዛሬ ለአሥር ዝርያዎች እኩል ይስማማል። ፀጉሩ «ረጅም ነው» ይላል፤ ከምን አንጻር ረጅም እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ የዚያን ዝርያ ሆሎታይፕ፣ ወይም ቢያንስ አብረውት የተሰየሙትን ፓራታይፖች፣ በዓይንዎ ማየት ይኖርብዎታል። ብዙ ሙዚየሞች የሆሎታይፕ ስላይድ በፖስታ መላክ ትተዋል፤ ነገር ግን በትሕትና ከተጠየቁ በተለያየ የትኩረት ጥልቀት የተነሡ ፎቶግራፎችን ይልካሉ።

አዲስነት የሚረጋገጠው በዚህ ንጽጽር ነው፤ በራሱ አዲስ የሆነ ነፍሳ የለም፤ አዲስ የሚሆነው እስከ ዛሬ ስም ከተሰጣቸው ከሁሉም የተለየ መሆኑ ሲታይ ነው። ይህ ቸል ሲባል ምን እንደሚከተል የካሳቫ ሚሊባግ ታሪክ ያሳያል። ይህች ነጭ ዱቄት የለበሰች ነፍሳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) በኮንጎ ወንዝ አካባቢ ካሳቫን ማጥፋት ስትጀምር ስም አልነበራትም። በ1977 ዳንዬል ማቲል ፌሬሮ ፊናኮከስ ማኒሆቲ ብላ ገለጸቻት። ካሳቫ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል በመሆኑ ሚሊባጓን የሚያጠቁ ጥገኛ ተርቦች እዚያው ተፈለጉ፤ በአህጉሩ ሰሜናዊ ክፍልም በካሳቫ ላይ የምትኖር፣ እርሷኑ የምትመስል ሚሊባግ ተገኘች። ከእርሷ ላይ የተወሰዱት ተርቦች ግን በአፍሪካዊቷ ላይ አልሠሩም። ነገሩ የተፈታው በ1981 ኮክስና ዊሊያምስ የሰሜኗ ሚሊባግ ሌላ ዝርያ መሆኗን አሳይተው ፊናኮከስ ሄሬኒ ብለው ሲገልጿት ነው፤ ለካስ ማኒሆቲ ያለ ወንድ በሴቶች ብቻ የምትራባ ስትሆን ሄሬኒ ግን ወንድም ሴትም አላት። በዚያው ዓመት እውነተኛዋ ማኒሆቲ በፓራጓይ ተገኘች፤ ከእርሷ ጋር የተገኘውና ዛሬ አናጊሩስ ሎፔዚ የሚባለው ትንሽ ተርብ በናይጄሪያ ተለቀቀ፤ የሚሊባጓም መስፋፋት በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተገታ። ያ ተርብ ራሱ በ1964 ተገልጾ ስሙ በመዝገብ ተቀምጦ ነበር፤ ሲገልጹት ለምን ሊጠቅም እንደሚችል ማንም አልገመተም።

11 ናሙና ይበቃል ወይ ለሚለው፦ የእንስሳት ስያሜ ደንቡ ቁጥር አይወስንም፤ በአንድ ናሙና ብቻ የተገለጹ ዝርያዎች ሞልተዋል። በእርስዎ ሁኔታ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ያልዎት ጥያቄ ስለ ልዩነት ስፋት ነው፤ ስፋት ደግሞ በሁለት ወንድ አይለካም።

ቅጠል ፈቺ

ተመልሼ ልሰበስብ ነው እንግዲህ። ቅጠሉ የሚጠቀለልበት ወቅት እስኪመጣ ወራት መጠበቅ አለብኝ። ሌላ ሰው ይቀድመኛል የሚለው ስጋት እንደሚያስጨንቀኝ አልደብቅም።

ሣጥን ጠባቂ

ስጋትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን በ2012 የታተመ አንድ ጥናት አንድ ዝርያ ናሙናው ከተሰበሰበበት ቀን አንሥቶ ተገልጾ ስም እስኪያገኝ ድረስ በአማካይ 21 ዓመት በመደርደሪያ ላይ እንደሚቆይ አሳይቷል። እርስዎ በሦስት ዓመት ከጨረሱ ፈጣን ከሚባሉት ወገን ነዎት።

ተማሪዋ

ይህን ሁሉ ወራት ከመጠበቅ ይልቅ የዘረ መል ምርመራ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልሱን አይሰጥም? በትምህርት ክፍላችን የሚነገረን ባርኮዱ ከሁለት ወይም ከሦስት በመቶ በላይ ከተለያየ ዝርያው የተለየ ነው የሚል ነው።

ነጭ ዝንብ

የሥራ መስኬ ስለሆነ እኔ ልመልስ። በ2003 በፖል ሄበርትና ባልደረቦቻቸው የቀረበው የእንስሳት ባርኮድ ከሚቶኮንድሪያ ዘረ መል የሚወሰድ 658 ፊደል ያህል ርዝመት ያለው ቁራጭ ነው። በእርግጥ ትልቅ እርዳታ ነው፤ በተለይ ወንዱንና ሴቷን፣ እጩንና ጎልማሳውን ለማገናኘት ወደር የለውም። የተማሩት መቶኛ ግን መነሻ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። በነፍሳት ሕዋስ ውስጥ የሚኖረው ዎልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ሚቶኮንድሪያውን አብሮ ስለሚነዳ፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ሁለት የተራራቁ ባርኮዶች እንዲታዩ፣ ወይም ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አንድ ባርኮድ እንዲኖራቸው ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ከሕዋሱ አስኳል (ኑክሌር) ዘረ መል ቢያንስ አንድ ሌላ ቁራጭ መጨመር ተገቢ ነው።

በዚህ መድረክ ላይ የምጠቀምበት ስም የመጣበትን ነገር ልንገርዎት። ቤሚሲያ ታባሲ የተባለችው ነጭ ዝንብ በ1889 በጄናዲዩስ ከግሪክ የትምባሆ ተክል ላይ ተገልጻለች። ከመቶ ዓመት በኋላ በዘረ መል ሲታይ አንድ ትመስል የነበረችው ዝርያ በዓይን የማይለዩ ከ30 በላይ ዝርያዎች ስብስብ ሆና ተገኘች። ያን ጊዜ የተነሣው ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ «ታባሲ» የሚለው ስም የሚገባው ለየትኛዋ ነው የሚል ነበር። ዘረ መሉ ብቻውን ይህን ሊመልስ አይችልም፤ ስሙ የተሰጠው ለናሙና እንጂ ለፊደል ቅደም ተከተል አይደለምና። መልሱ የተገኘው በ2012 በታተመ ሥራ ከራሱ ከ1889ኙ ናሙና ዘረ መል ተነቦ ነው፤ ስሙም ዛሬ ሜዲትራኒያን እየተባለ ለሚጠራው ቡድን የሚገባ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰው ያን ናሙና ከ120 ዓመት በላይ ባይጠብቀው ኖሮ ክርክሩ ዛሬም ባላበቃ ነበር።

ለጠያቂው አንድ ተግባራዊ ምክር፦ በሚቀጥለው ጉዞ ግማሹን ናሙና በ95 በመቶ አልኮል ያስቀምጡ። ዘረ መሉን ለማውጣት ነፍሳውን መፍጨት አያስፈልግም፤ ፕሮቲኔዝ ኬ በተባለ ፕሮቲን አሟሚ ኢንዛይም ውስጥ ሲያድር ሥጋው ሟሙቶ ይወጣል፣ ዛጎሉ ሳይነካ ይቀራል፤ ያንኑ ዛጎል ስላይድ ሠሪ ወደሚሉት በለሳን ይወስዱታል። ዘረ መሉም ስላይዱም የአንድ ነፍሳ ይሆናሉ።

ስላይድ ሠሪ

በዚህ እስማማለሁ፤ ብቻ በጠንካራ አልኮል የቆየ ትሪፕስ ደረቅና ተሰባሪ ስለሚሆን አንቴናውን ለመዘርጋት ሲሞክሩ ይቆረጣል። ሌላውን ግማሽ በቀጭን አልኮል ያድርጉት።

ተማሪዋ

አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፦ በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ «መለያ መግለጫ» እና «ዝርዝር ገለጻ» ተለይተው ይቀርባሉ። ሁለቱም ስለ አንድ ነፍሳ ከሆኑ ለምን ይለያያሉ?

ግራ መንጋጋ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ረቂቅ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ዝርዝር ገለጻው የነፍሳውን መልክ ከራስ እስከ ጅራት ይናገራል፦ ቀለሙን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው የአንቴና ክፍል ላይ ያሉትን የስሜት ኮኖች ብዛት፣ የፀጉሮቹን ርዝመት በማይክሮን፣ የቱቦውን ርዝመት ከራሱ ጋር በማነጻጸር። ይህ ለወደፊቱ የሚጻፍ ነው፤ ዛሬ ዋጋ የሌለው የሚመስል ልኬት ነገ አዲስ ዘመድ ሲገኝ ዋናው ልዩነት ሊሆን ይችላል። መለያ መግለጫው ግን አጭር ነው፤ የሚመልሰውም «ይህ ከዚያ በምን ይለያል?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው። «መካከለኛ መጠን ያለው፣ ቡናማ፣ ፀጉሩ በደንብ የዳበረ» ብሎ የሚጀምር መለያ መግለጫ ስገመግም ወዲያውኑ እመልሰዋለሁ።

ለምሳሌ በ1900 የተገለጸው ጋይናይኮትሪፕስ ኡዜሊና በ1908 የተገለጸው ጋይናይኮትሪፕስ ፊኮሩም እጅግ ስለሚመሳሰሉ ለረጅም ዘመን ሲምታቱ ኖረዋል። ሁለቱም ቅጠል ያጥፋሉ፣ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። መለያቸው በፊተኛው የደረት ክፍል የኋላ ማዕዘን ላይ ያለው ጥንድ ፀጉር ነው፤ በኡዜሊ ረጅም፣ በፊኮሩም አጭር ነው። የመጀመሪያው ፊከስ ቤንጃሚናን፣ ሁለተኛው ፊከስ ማይክሮካርፓን ይመርጣል። መለያ መግለጫ ማለት ይህ ነው፤ ሁለት አረፍተ ነገር ይበቃዋል። ጠያቂያችንም የያዙት ያንኑ ጥንድ ፀጉር በመሆኑ ጥሩ ቦታ ላይ ነው እያዩ ያሉት፤ ግን ይጠንቀቁ፣ ያጠረ ፀጉርና የተሰበረ ፀጉር በጥድፊያ ሲታዩ አንድ ናቸው። ጫፉን ይመልከቱ፤ የተሰበረው ጫፉ ደልዳላ ነው፣ የተተከለበት ቀዳዳም ለርዝመቱ ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው።

ወደ እግሮቹ ስንመለስ፣ የወንዶቹን ሁሉ የአካል ርዝመትና የጭን ስፋት ለክተው በአንድ ሥዕል ላይ በነጥብ ያስቀምጡ። ነጥቦቹ ያለ ክፍተት አንድ መስመር ተከትለው ከሄዱ ዝርያው አንድ ነው። ሁለት የተለያዩ ደመናዎች ከሠሩ ደግሞ እንነጋገራለን።

ቅጠል ፈቺ

ይህን ሁሉ ማስታወሻ ይዣለሁ። እስከዚያው ላሰብኩት ስም አስተያየት ብትሰጡኝ፦ [ስሙ በአወያይ ተነሥቷል]

አወያይ

ይቅርታ፤ ስሙን ያነሣሁት ለጥያቄ አቅራቢው ጥቅም ነው። በዚህ መድረክ የተጻፈ ስም በደንቡ መሠረት እንደ ኅትመት አይቆጠርም፤ ነገር ግን ከገለጻው ቀድሞ ሲሠራጭ ባዶ ስም ሆኖ ይዞራል፤ ሌሎችም ሳያውቁ ሊጠቅሱት ይችላሉ። ስለ ስም አወጣጥ በጥቅሉ መወያየት ይቻላል።

ሣጥን ጠባቂ

አወያዩ ትክክል ናቸው። በጥቅሉ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ የእንስሳት ስያሜ ደንብ መነሻውን ከ1758ቱ የሊኔየስ ሥራ ያደርጋል፤ ከዚያ ወዲህ ለአንድ ዝርያ ቀድሞ በአግባቡ የታተመው ስም ይጸናል። ዛሬ የሚሠራበት አራተኛው እትም ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የሚታተም አዲስ ስም አዲስ መሆኑ በግልጽ ሊነገር፣ ሆሎታይፑ ተለይቶ ሊጠቀስ፣ የሚቀመጥበትም ስብስብ ሊገለጽ ይገባል። ከ2012 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚወጣ ኅትመት ተቀባይነት አለው፤ ሆኖም ሥራው አስቀድሞ ዙባንክ በተባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ ተመዝግቦ የምዝገባው ማስረጃ በጽሑፉ ውስጥ መታየት አለበት። ይህን የረሱ ጥሩ ጥሩ ጽሑፎች ስማቸው ሳይጸና ቀርቷል፤ ያሳዝናል።

ቃሉ ከየትኛውም ቋንቋ ሊመጣ ይችላል፤ አማርኛም ይሁን ግዕዝ ደንቡ አይከለክልም። የሚጻፈው ግን በላቲን ፊደል ነው፤ ከፊደሉ በላይም ሆነ በታች ምልክት አይፈቀድም። ስለዚህ «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» ለመለየት የምናኖራት ነጥብ ወይም ጭረት ትወገዳለች። ቃሉ ያለ እርሷ ሌላ ትርጉም የሚሰጥ ከሆነ ሌላ ቃል መምረጥ ይሻላል። ስሙ ገላጭ ቅጽል ከሆነ ከወገኑ ጾታ ጋር ይስማማል፤ በ«ትሪፕስ» የሚጨርሱ የወገን ስሞች ተባዕታይ ናቸው። በራስ ስም መሰየምን ደንቡ በቃል ባይከለክልም፣ ያደረገውን ሰው ባልደረቦቹ ዕድሜ ልኩን ሲያነሡበት ይኖራሉ።

ቅጠል ፈቺ

(ከሰባት ወር በኋላ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬን እያቀረብኩ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ወደዚያው ዛፍ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ 94 ጎልማሳ ትሪፕሶች ሰበሰብኩ፤ ከእነርሱም 38ቱ ወንዶች ናቸው። የጭናቸውን ስፋት በነጥብ ሳስቀምጥ ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለ አንዳች ክፍተት የሄደ አንድ መስመር ሆነ። ቀድሞ ሁለት ዝርያ ያልኳቸው የመስመሩ ሁለት ጫፎች ነበሩ። በበለሳን እንደገና የተሠሩት ቀጫጭን ወንዶችም ጥርስ አላቸው፤ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። የባርኮዱም ውጤት ሁለቱን አልለየም። የረቂቄን ግማሽ ሰርዣለሁ።

የሚቀርበው ዝርያ የሆሎታይፕ ፎቶግራፎች ደርሰውኛል። ጥንዱ ፀጉር በእርሱ ላይ በእርግጥ ረጅም ነው፤ በእኔ ናሙናዎች ደግሞ ጫፉ ያልተሰበረ ሆኖ ሳለ ከእርሱ ሲሶ እንኳ አይሞላም። በቀድሞው ረቂቅ ላይ ሁለተኛ ልዩነት ብዬ የጻፍኩት የቀለም ጉዳይ ግን ወድቋል፤ ቢጫማ እግር ያላቸው ከፑፓ ገና የወጡ ሆነው ተገኙ። በምትኩ ያልጠበቅኩትን አገኘሁ፦ በአራተኛው የአንቴና ክፍል ላይ የስሜት ኮኖቹ በሁሉም ናሙናዎች ከዘመዱ በአንድ ያንሳሉ። ከጥቅልሉ ውስጥም በጭናቸው ላይ ጥርስ ያላቸው አምስት ሌሎች ትሪፕሶች ወጥተዋል፤ ግራ መንጋጋ እንዳስጠነቀቁኝ ሌላ ወገን ናቸው። ገና መጠቅለል በጀመሩ ለጋ ቅጠሎች ውስጥ ያገኘሁት እንቁላልና እጭ ግን በባርኮድ የእኔው ዝርያ ስለሆነ፣ ጥቅልሉን የሚሠራው እርሱ ነው ለማለት ደፍሬያለሁ።

የቀረኝ አንድ ውሳኔ ነው። ለሆሎታይፕ ጥርሱ ያማረውን ትልቁን ወንድ ልምረጥ ወይስ ሴት?

ግራ መንጋጋ

አሁን እንኳን ደስ አለዎት። ሴት ይምረጡ። የመለያ ቁልፎቹ በአብዛኛው በሴቶች ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ የዘመዱ ሆሎታይፕም ሴት ከሆነ ንጽጽሩ ቀጥተኛ ይሆናል። ያ ትልቅ ወንድ ያምራል፣ አውቃለሁ፤ ግን መልኩ የመስመሩ ጫፍ ነው። እርሱን፣ አንድ መካከለኛና አንድ ትንሽ ወንድ ጨምረው ፓራታይፕ ያድርጓቸው፤ ሦስቱንም ጎን ለጎን ይሣሏቸው።

ሣጥን ጠባቂ

ፓራታይፖቹን ቢያንስ ለሁለት ሙዚየሞች ያካፍሉ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ለአንድ እሳት የተዘጋጀ ነው። መለያ ወረቀቱ ላይ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ ተክሉን፣ የሰብሳቢውን ስምና የዘረ መል ቁጥሩን አይርሱ። የተክሉም ቅርንጫፍ ተጫኖና ደርቆ በዕፅዋት ሙዚየም ይቀመጥ፤ የዛፉ ስም አንድ ቀን ቢቀየር የእርስዎ ነፍሳ የኖረችው በየትኛው ላይ እንደሆነ የሚመሰክረው እርሱ ነው።

ቅጠል ፈቺ

ሁሉንም ክንፏንና ሁለቱንም ጥንድ ፀጉሯን የያዘች አንዲት ሴት አለችኝ። የሆሎታይፕ መለያ የሆነውን ቀይ ምልክት ነገ እለጥፍባታለሁ። ለሙዚየሙ በሚቀጥለው ሳምንት ልልካት አስቤያለሁ።

ስላይድ ሠሪ

በለሳኑ መድረቁን ሳያረጋግጡ አይላኩ። በመሸፈኛ መስተዋቱ ጠርዝ የወጣችውን ጠብታ በመርፌ ጫፍ ይንኳት፤ መርፌው ምልክት ከተወባት ገና ናት፣ መንገድ ላይ ስላይዱ ቢዘነበል ነፍሳዋ ወደ ጠርዝ ትንሸራተታለች። ሌላ አንድ ወር ምድጃ ውስጥ ያቆዩአት።